የተንጠለጠለው ሰዓት፦ የቅንጡ መካኒካል ሰዓት ሆድ ዕቃን በ7 ንብርብር አየር ላይ የመዘርጋት መመሪያ

ይህ ሥራ ከጎን ሲያዩት የተበታተነ የሰዓት ዕቃ ነው። ጥርሳማ ጎማዎች፣ የጎማ ዘንግ የሚይዙ ድልድዮችና ብሎኖች በቀጭን ካቦ ተንጠልጥለው፣ በመካከላቸው ሰው ክንዱን የሚያስገባበት ክፍተት አለ። ወለሉ ላይ የተቀባችው ክብ ላይ ቆመው ሲያዩት ግን ሁሉም ይገጥምና 1.5 ሜትር ስፋት ያለው አንድ ሙሉ የሰዓት ማሽን ይሆናል። ከሁሉም ፊት ያለው ባላንስ (ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ምቱን የሚሰጠው ጎማ) በየሴኮንዱ አንድ ጊዜ ይመታል። ክፍሉ ቢያንስ 8 ሜትር ርዝመት፣ 4 ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ከፍታ ይፈልጋል። ሦስት ሰው ከ5 እስከ 6 ሳምንት ይሠራበታል፤ ከዚያ ውስጥ ግማሹ የሚያልፈው በብርጭቆ ወረቀትና በሞረድ ነው።

ከመጀመሪያው አንድ ነገር ይወሰን። ሥራው ሰዓት የሚመስል ጌጥ መሆን የለበትም፤ ጥርሱ ሲቆጠር ልክ የሚመጣ ሰዓት መሆን አለበት። የሰዓት አዋቂ ፊቱ ቆሞ ጥርሶቹን ቢቆጥር ሒሳቡ መውጣት አለበት። ከዚህ በታች ያለው ቁጥር ሁሉ የተሰላው ለዚሁ ነው።

የትኛውን ሰዓት እንመስል?

በእጅ የሚሞላ፣ ትንሿ ሴኮንድ 6 ቁጥር ላይ የተቀመጠች፣ ድልድዮቹ ሰፋፊ የሆኑ ማሽን ይምረጡ። ራሱን በራሱ የሚሞላ ሰዓት አይሆንም፤ በጀርባው የሚዞረው ግማሽ ክብ ክብደት ያንን ሁሉ ውበት ይሸፍነዋል። የስዊዘርላንዱ ኢቲኤ ኩባንያ 6498 የተባለው ማሽን ጥሩ መነሻ ነው። ስፋቱ 36.6 ሚ.ሜ.፣ ውፍረቱ 4.5 ሚ.ሜ.፣ ባለ 17 ድንጋይ (ዘንጎቹ የሚዞሩባቸው ቀይ ሩቢዎች) ነው፤ ዕቃዎቹ ትልልቅ ስለሆኑ ሰዓት ሠሪ ፊት ለፊትዎ ፈታትቶ ሊያሳይዎት ይችላል። እኛ የምንሠራው 41 ጊዜ አጉልተን ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ቱርቢዮን ነው። አብርሃም ሉዊ ብረጌ እ.ኤ.አ. በ1801 ፓሪስ ውስጥ የባለቤትነት መብት ያወጣበት ይህ አሠራር፣ ባላንሱንና ማምለጫውን (ኃይሉን በየምቱ የሚለቀውን ክፍል) በአንድ ቤት ውስጥ አድርጎ ቤቱን በሙሉ ያዞረዋል። ለዓይን ድንቅ ነው። በዚህ መጠን ሲሠራ ግን የሚዞር ቤት፣ በውስጡ የሚወዛወዝ ባላንስ፣ ለሞተሩም የሚዞር የኤሌክትሪክ መገናኛ ይጠይቃል። ለመጀመሪያ ሥራ አንመክረውም። ሰዓትን ትልቅ አድርጎ መሥራት የት እንደሚደርስ ማየት የሚፈልግ፣ በስዊዘርላንድ ላ ሾ-ደ-ፎን ከተማ በዓለም አቀፉ የሰዓት ሙዚየም መናፈሻ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የቆመውን ካሪዮን ፎቶዎች ይመልከት። የብረት ሐውልት ሆኖ ሰዓትም የሚናገር ሥራ ነው።

ደረጃ 1፦ ጥርሱን ማስላት

የሰዓት ማሽን ኃይል ከሞላ ቤት (ዋናው ሞላ ከተጠቀለለበት ጎማ) ተነስቶ በጎማዎች እየተላለፈ ባላንስ ዘንድ ይደርሳል። በሰዓት 18,000 ጊዜ ለሚመታ ማሽን ይህን ሰንሰለት ይጠቀሙ፦

- የሞላ ቤት 72 ጥርስ፣ የመሐል ጎማ ፒኞን (በጎማው ዘንግ ላይ ያለች ትንሽ ጥርሳማ ጎማ) 12 ጥርስ
- የመሐል ጎማ 80፣ የሦስተኛው ጎማ ፒኞን 10
- ሦስተኛ ጎማ 75፣ የአራተኛው ፒኞን 10
- አራተኛ ጎማ 80፣ የማምለጫ ጎማ ፒኞን 8
- የማምለጫ ጎማ 15 ጥርስ

ማረጋገጫው እንዲህ ነው። 80 ለ10 ሲካፈል 8፣ 75 ለ10 ሲካፈል 7.5፤ ሁለቱ ሲባዙ 60። የመሐል ጎማው በሰዓት አንድ ጊዜ ሲዞር አራተኛው ጎማ 60 ጊዜ፣ ማለትም በደቂቃ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ የሴኮንድ ቆጣሪው እሱ ላይ ነው። የማምለጫ ጎማው በደቂቃ 10 ጊዜ ይዞራል። እያንዳንዱ ጥርስ ሁለት ምት ስለሚሰጥ 15 በ2 በ10 ሲባዛ በደቂቃ 300፣ በሰዓት 18,000 ይሆናል።

የጎማው ስፋት የሚገኘው የጥርሱን ቁጥር በሞዱል (የጥርሱን ትልቅነት በሚናገር ቁጥር) በማባዛት ነው። የሚነካኩ ጎማና ፒኞን ሞዱላቸው አንድ መሆን አለበት። ለሞላ ቤት 8.5 ይውሰዱ፤ ስፋቱ 612 ሚ.ሜ. ይሆናል። ለመሐል ጎማ 6 ሲወስዱ 480፣ ለሦስተኛው 5.2 ሲወስዱ 390፣ ለአራተኛው 4.5 ሲወስዱ 360 ሚ.ሜ. ይመጣል። በሁለት ማዕከላት መካከል ያለው ርቀት የሁለቱ ስፋት ድምር ግማሽ ነው። ለምሳሌ ከመሐል ጎማ እስከ ሦስተኛው 480 ሲደመር 60፣ ለ2 ሲካፈል 270 ሚ.ሜ. ነው። የማምለጫ ጎማውን 250፣ ባላንሱን 600 ያድርጉ።

ሥዕሉ ላይ ዘወትር የሚሠሩ ሦስት ስህተቶች አሉ። የመጀመሪያው ሦስት ጎማዎችን እርስ በርስ ማነካካት ነው። ሁለት የተነካኩ ጎማዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚዞሩ ሦስተኛው ሁለቱንም ከነካ ሦስቱም ይቆልፋሉ፤ በጌጥ ሥራዎች ላይ ይህ ስህተት በጣም የተለመደ ነው፣ ሰዓት የሚያውቅ ሰውም መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ሁለተኛው የማምለጫ ጎማውን እንደ ሌላው ጎማ ቀጥ ባለ ጥርስ መሣል ነው። የእሱ ጥርሶች ወደሚዞርበት አቅጣጫ ያዘነበሉ፣ ጫፋቸው እንደ ጫማ የሰፋ ነው። ሦስተኛው ሹካውን፣ ማለትም የማምለጫ ጎማውን እየያዘ የሚለቀውን ዕቃ፣ የሚመለከት ነው፤ የሹካው ሁለት ቀይ ድንጋዮች መካከል ሁለት ተኩል ጥርስ ያህል መግባት አለበት። ከዚህ ከጠበበ ወይም ከሰፋ፣ ባይንቀሳቀስም የማይሠራ መሆኑ ያስታውቃል።

ደረጃ 2፦ ርቀትን ማረም

ዓይን ቅርብ ያለውን አጉልቶ ስለሚያይ፣ ፊት ያሉት ዕቃዎች አንሰው መቆረጥ አለባቸው። ዓይኑ የሚቆምበት ነጥብ ከኋለኛው ሳህን 6 ሜትር ይራቅ፤ ንብርብሮቹ በየ30 ሳ.ሜ. ይሰለፉ። ያኔ ሒሳቡ ቀላል ይሆናል፤ እያንዳንዱ ንብርብር ከኋላው ካለው በ0.05 ያንሳል፦

- 1ኛ፣ ዋናው ሳህን፣ 6.00 ሜትር፣ በ1.00 ይባዛል
- 2ኛ፣ የሞላ ቤትና የመሐል ጎማ፣ 5.70 ሜትር፣ በ0.95
- 3ኛ፣ ሦስተኛ ጎማ፣ 5.40 ሜትር፣ በ0.90
- 4ኛ፣ አራተኛ ጎማ፣ 5.10 ሜትር፣ በ0.85
- 5ኛ፣ የማምለጫ ጎማና ሹካ፣ 4.80 ሜትር፣ በ0.80
- 6ኛ፣ ሦስቱ ድልድዮች፣ 4.50 ሜትር፣ በ0.75
- 7ኛ፣ ባላንስና ድልድዩ፣ 4.20 ሜትር፣ በ0.70

ስለዚህ በሥዕሉ 600 ሚ.ሜ. የሆነው ባላንስ የሚቆረጠው በ420 ነው። እዚህ ላይ የሚረሳ ነገር አለ፤ በቁጥሩ የሚባዛው ስፋቱ ብቻ ሳይሆን ቦታውም ነው። የአንድ ጎማ ማዕከል በሥዕሉ ላይ ከሳህኑ መሐል 400 ሚ.ሜ. ወደ ታች ከሆነና ንብርብሩ 0.85 ከሆነ፣ የሚንጠለጠለው 340 ሚ.ሜ. ዝቅ ብሎ ነው። ስፋቱን አርሞ ቦታውን የረሳ ሰው ዕቃው ሁሉ ወደ ውጭ የተበተነ ሆኖ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ ካቦው ተቆርጦ አልቋል።

የሳህኑን መሐል ከወለል 1.55 ሜትር ላይ ያድርጉ፤ የዓይኑም ከፍታ ያው ይሁን። የሰው ቁመት ግን ይለያያል። ዓይኑ 10 ሳ.ሜ. ከፍ ወይም ዝቅ ካለ፣ ባላንሱ ከሳህኑ አንጻር 4.3 ሳ.ሜ. የተንሸራተተ ይመስላል። ለዚህ መፍትሔው በቆሚ ላይ 1.55 ሜትር ከፍታ ያላት፣ 10 ሳ.ሜ. የምትሰፋ የብረት ቀለበት ማኖር ነው። ሰው ጎንበስ ወይም ቀና ብሎ በእሷ ውስጥ ያያል። ለሕፃናት 30 ሳ.ሜ. ከፍታ ያለው መወጣጫ ከጎኗ ያስቀምጡ።

ደረጃ 3፦ ዕቃ መሰብሰብ

- ባለ 6 ሚ.ሜ. ኮምፔርሳቶ፣ 1.22 በ2.44 ሜትር፣ 2 ቁራጭ፣ ለሳህኑ
- ባለ 9 ሚ.ሜ. ኮምፔርሳቶ 2፣ ለጎማዎች
- ባለ 12 ሚ.ሜ. 1 እና ባለ 18 ሚ.ሜ. 1፣ ለባላንስና ለድልድዮች
- ባለ 1 ሚ.ሜ. ያልተቀባ የአሉሚኒየም ላሜራ፣ ለድልድዮቹ ፊት
- ባለ 0.8 ሚ.ሜ. የነሐስ ላሜራ፣ ለጎማዎቹ ፊት
- ባለ 8 ሚ.ሜ. ቀይ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ አክሪሊክ
- 60 ሚ.ሜ. ክብ ብረት፣ በቶርኖ በ8 ሚ.ሜ. ውፍረት የተቆረጠ 9 ቁራጭ፣ ለሰማያዊ ብሎኖች
- ስቴንለስ ካቦ፣ ባለ 1 ሚ.ሜ. 65 ሜትር፣ ባለ 2 ሚ.ሜ. 10 ሜትር
- አርኤችኤስ ብረት 40 በ60፣ 3 ሜትር የሆነ 4፤ 60 በ60 አንድ ለባላንሱ ምሰሶ
- ማርሽ ያለው የ24 ቮልት ሞተር፣ በደቂቃ 30 ዙር፣ ጉልበቱ ከ2 ኒውተን ሜትር ያላነሰ
- ቁጥር 6000 ኩሽኔታ 2፣ ባለ 10 ሚ.ሜ. ሻፍት
- ጥርሳማ ቺንጋ ከባለ 20 እና ባለ 40 ጥርስ ፑሌጃ ጋር

አራተኛውን ጎማም በደቂቃ አንድ ዙር ማዞር የሚፈልጉ ከሆነ ሞተሩ በቀጥታ ከመስመር የሚሠራ ሲንክሮነስ አይሁን። የእንዲህ ያለ ሞተር ፍጥነት የመስመሩን ድግግሞሽ ይከተላል። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ የ60 ኸርዝ ሞተር እኛ ሀገር በ50 ኸርዝ ላይ በአምስት ስድስተኛ ፍጥነቱ ብቻ ይዞራል፤ ሴኮንዱ 72 ሴኮንድ ወስዶ አንድ ደቂቃ ይላል። የ24 ቮልት ሞተር ይህ ችግር የለበትም።

ደረጃ 4፦ መቁረጥ

1.5 ሜትር ክብ ከ1.22 ሜትር ኮምፔርሳቶ አይወጣም። ከአንዱ ቁራጭ መጀመሪያ ሙሉውን 1.22 ሜትር ስፋት፣ ከዚያ ከቀረው ጫፍ 28 ሳ.ሜ. የሚሆነውን የክቡን ቅንጣቢ ያውጡ፤ አንድ ሙሉ ክብ ይሆናል። ሁለተኛውንም እንዲሁ ያድርጉና 90 ዲግሪ አዙረው በኮላ ያጣብቁ። መገጣጠሚያዎቹ ስለሚሻገሩ ሳህኑ አይሰበርም። ሌሊቱን በሙሉ ጠፍጣፋ ወለል ላይ ክብደት ተጭኖበት ይደር፤ ቆሞ የደረቀ ሳህን ይጎብጣል። ክብደቱ 14 ኪ.ግ. ገደማ ይመጣል።

ለጎማዎቹ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ መቁረጫ ማሽን) ከተጠቀሙ ባለ 3 ሚ.ሜ. ፑንታ ያስገቡ። የአራተኛው ጎማ ጥርስ ከጥርስ ያለው ርቀት 12 ሚ.ሜ. ብቻ ነው፤ ባለ 6 ፑንታ የጥርሱ ሥር ድረስ አይገባም። በሌዘር የሚቆርጡ ከሆነ፣ እንጨት የሚቆርጠው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ነሐስን እንደማይቆርጥ ይወቁ። ነሐስ ብርሃኑን መልሶ ይረጨዋልና ፋይበር ሌዘር ወዳለበት ቤት ይውሰዱት። በሌዘር የተቆረጠ የእንጨት ጠርዝ ይጠቁራል፤ ጥቁሩን በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሳያነሱ ኮላም ቀለምም አይዝም።

ደረጃ 5፦ ማስጌጥ

ቅንጡ ሰዓትን ከተራ ሰዓት የሚለየው አብዛኛው ነገር እዚህ ነው፤ ሁለቱም ሰዓት ይናገራሉ። ስለዚህ ጊዜዎን እዚህ ያጥፉ።

*የጄኔቫ መስመር።* ድልድዮቹ ላይ የሚታየው ጎን ለጎን የሚሄድ ማዕበል የመሰለ መስመር ነው። ሦስቱን ድልድዮች ላሜራቸው ከተጣበቀ በኋላ፣ በመጨረሻ በሚኖራቸው አቀማመጥ ጠረጴዛ ላይ በሁለት ገጽ ቴፕ ይጠብቁ። 45 ሚ.ሜ. ስፋት ባለው እንጨት ላይ 240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይጠቅልሉ። ቀጥ ያለ ብረት አስደግፈው፣ ትንንሽ ግማሽ ክብ እያደረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳያቋርጡ ይሂዱ፤ ከዚያ ብረቱን 45 ሚ.ሜ. አንሸራተው ይድገሙ። መስመሩ አንዱ ድልድይ ላይ አልቆ ክፍተቱን ተሻግሮ በሚቀጥለው ላይ ልክ በቦታው መቀጠል አለበት። ድልድዮቹን ለየብቻ የሠራ ሰው ይህን ፈጽሞ አያገኘውም። ወረቀቱን በየሁለት መስመሩ ይቀይሩ፤ ያረጀ ወረቀት የሚያወጣው መስመር ብርሃኑ ይሞታል።

*የጠርዝ ቅነፋ።* የድልድዩ ጠርዝ በ45 ዲግሪ ተላግቶ እንደ መስታወት መብራት አለበት። ይህ ስፋቱ 9 ሚ.ሜ. ይሁን፤ ላሜራውንም ከጠርዙ በዚያው ልክ ወደ ውስጥ አንሰው ይቁረጡት። ራውተር ረጅሙን መስመር ይሠራዋል። ወደ ውስጥ የሚገቡት ሹል ማዕዘኖች ላይ ሲደርስ ግን ፑንታው ክብ ስለሆነ ክብ አድርጎ ያልፋል። እዚያ ላይ ማሽኑን ያቁሙና በሹል መሮ፣ ከዚያ በሦስት ማዕዘን ሞረድ፣ ሁለቱ ቅነፋዎች በአንድ ስል መስመር እስኪገናኙ ይሥሩ። በእውነተኛው ሰዓትም አጉልቶ የሚያይ ሰው ዓይኑን መጀመሪያ የሚጥለው እዚህ ማዕዘን ላይ ነው፤ በእጅ የተሠራውን ከማሽኑ የሚለየው ይኸው ነው። ከዚያ ስቱኮ፣ 400 ቁጥር ወረቀት፣ እንደገና ስቱኮ፣ 600 ቁጥር፣ በመጨረሻ ወርቃማ ቀለም በስፕሬይ በሦስት ስስ ዙር። አንድ ወፍራም ዙር ማዕዘኑን ይሞላውና የመሮው ሥራ ሁሉ ይጠፋል።

*ሰማያዊ ብሎኖች።* ሰማያዊ ቀለም አይቀቡ፤ በእሳት ያምጡት። የብረት ክቦቹ ላይ ለመፍቻ የሚሆን 6 ሚ.ሜ. ጎድጓዳ መስመር ያስቆርጡ። ፊታቸውን ከ400 እስከ 1200 ቁጥር ወረቀት ያለስልሱ፤ በአሴቶን ጠርገው ከዚያ በኋላ በባዶ ጣት አይንኩ። የጣት አሻራ ከእሳቱ በኋላ ቡናማ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። መጥበሻ ላይ 3 ሳ.ሜ. ደረቅ አሸዋ ያድርጉና ክቡን ከላይ አስቀምጠው ቀስ ብለው ያሙቁ። 220 ዲግሪ ሲደርስ የገለባ ቀለም ይመጣል፤ ከዚያ ቡናማ፣ 280 አካባቢ ወይን ጠጅ፣ ወደ 300 ሲጠጋ ጥልቅ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊው ሙሉ ከመሆኑ ጥቂት ቀድመው በፒንሳ ያንሱት፤ ከተነሣም በኋላ ቀለሙ ትንሽ ይቀጥላል። ከዘገዩ ወደ ደብዛዛ ግራጫ ያልፋል፣ እንደገና ከ400 ቁጥር ወረቀት መጀመር ነው። አንዱ ጎን ሰማያዊ ሌላው ወይን ጠጅ ከሆነ አሸዋው ሳስቷል ወይም እሳቱ ከአንድ ወገን ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ በስስ ዘይት ይጥረጉት፤ ያለዚያ ይዝጋል።

*ድንጋዮቹ።* ቀዩን አክሪሊክ 45 ሚ.ሜ. ክብ አድርገው ይቁረጡ፤ ጠርዙን በውኃ ወረቀት እስከ 1200 ያድርሱና በመኪና ፖሊሽ ያብሩት። ድልድዩ ላይ በወርቃማ ቀለበት ውስጥ ይቀመጥ፤ ከኋላው ያለው እንጨት ክፍት ይሁን። ከኋላ የሚመጣው ነጭ ብርሃን ራሱ ሩቢ ያስመስለዋል። ቀይ አምፖል አያስፈልገውም፤ ቀይ አምፖል የትራፊክ መብራት ያደርገዋል።

ደረጃ 6፦ ባላንሱ

የሥራው ልብ ይህ ነው። ባላንሱን ከ12 ሚ.ሜ. ኮምፔርሳቶ ይቁረጡ። የውጭው ስፋት 420፣ የውስጡ 360 ሚ.ሜ.፣ በመሐል ሁለት ክንድ። በጠርዙ ዙሪያ 16 የነሐስ ብሎኖች፣ እያንዳንዳቸው 12 ግራም ያህል፣ በእኩል ርቀት ይግቡ። ሁለቱን ኩሽኔታ በ18 ሚ.ሜ. ድልድዩ ላይ ያስቀምጡ፤ ግራሷቸውን በናፍጣ አጥበው በአንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ይተኩት። ግራሶ ካለ የሚከተሉት ሁለት ፈተናዎች አይሠሩም።

የመጀመሪያው ፈተና ሚዛን ነው። ሞላውን ሳያስገቡ ባላንሱን በእጅ አዙረው ይልቀቁት። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ወደ ታች ይዞ የሚቆም ከሆነ እዚያ ጋ ከብዷል። ከዚያ ወገን ካለው ብሎን በሞረድ ይቀንሱ፤ የትም ቦታ ሲያቆሙት ባለበት እስኪቆም ይቀጥሉ። ሰዓት ሠሪም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ቀጥሎ ስፒራል ሞላው። 12 ሚ.ሜ. ስፋት፣ 1 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው የስቴንለስ ጥብጣብ 1.2 ሜትር ይውሰዱ። እንጨት ላይ ሦስት ዙር ያለው ጥምዝ፣ ከውስጥ 25፣ ከውጭ 95 ሚ.ሜ. ራዲየስ፣ በሚስማር ምልክት ያድርጉና ጥብጣቡን በእሱ ላይ ያጥፉ። የውስጡ ጫፍ ሻፍቱ ላይ፣ የውጩ ድልድዩ ላይ ይታሰራል። ጠንካራ የሞላ ብረት አያስፈልግም፤ በዚህ ስፋትና በዚህ ማወዛወዝ ጥብጣቡ ከሚችለው በታች ነው የሚሠራው። በክብደቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ታች ይወርዳል፤ ስለዚህ በዙሮቹ መካከል 20 ሚ.ሜ. ክፍተት ይኑር። ከጠበበ የታችኞቹ ዙሮች ይነካካሉ፣ የመፋጨት ድምፅም ይሰማል።

ሁለተኛው ፈተና ጊዜ ነው። ሞተሩን ሳያያይዙ ባላንሱን ሩብ ዙር ገፍተው ይልቀቁ። አንድ ደርሶ መልስ 2 ሴኮንድ ገደማ መውሰድ አለበት፤ አሥሩን አንድ ላይ ይለኩና ለአሥር ያካፍሉ። ከዘገየ ብሎን ይቀንሱ ወይም ሞላውን ጥቂት ያሳጥሩ፤ ከፈጠነ ብሎን ይጨምሩ፣ ግን ሁልጊዜ በጥንድ፣ ፊት ለፊት። ይህ ሲስተካከል ሞላው ራሱ ባላንሱን እየመለሰው ሞተሩ ማበረታቻ ብቻ ይሰጣል፤ ሳይስተካከል የገባ ሞተር ይግላል፣ ድምፁም ይበዛል።

አሁን ሞተሩ። ሞተሩ ላይ 30 ሚ.ሜ. ክራንክ፣ ከእሱ 200 ሚ.ሜ. ቢየላ (ማያያዣ ዘንግ)፣ ቢየላው 45 ሚ.ሜ. ክንድ ይገፋል። ክንዱ ወደ ግራና ቀኝ 42 ዲግሪ ያህል ይሄዳል። ክንዱ ያለበት ሻፍት ላይ ባለ 40 ጥርስ ፑሌጃ፣ ባላንሱ ላይ ባለ 20፤ ቺንጋው ይህን በእጥፍ አድርጎ ከ80 ዲግሪ በላይ ያወዛውዘዋል። ሞተሩ በደቂቃ 30 ስለሚዞር ምቱ በየሴኮንዱ ነው፤ በሰዓት 18,000 ምት የጥርሱ ሒሳብ ነው፣ የሚንቀሳቀሰው ባላንስ ግን ከዚያ ቀርፋፋ ነው። ቺንጋውን ከመጠበቅዎ በፊት ክንዱ መሐል ላይ መሆኑን፣ ሞላውም በዕረፍት ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። ያለዚያ አንዱ ወገን ይሳባል፣ ምቱ እንደሚያነክስ ሰው ይሆናል።

በቀን 8 ሰዓት ሲሠራ ይህ ክራንክ 14,400 ጊዜ ይዞራል። ተራ ዳዶ በዚህ ይፈታል። ሁሉም ዳዶ ናይለን ያለው ይሁን።

ደረጃ 7፦ ማንጠልጠል

ባላንሱን በካቦ አያንጠልጥሉ። አንድ ሜትር ካቦ ላይ የተሰቀለ ነገር በተፈጥሮው በ2 ሴኮንድ ደርሶ ይመለሳል፤ የእኛ ባላንስ ምትም ያው ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ድልድዩ ቀስ በቀስ መወዛወዝ ይጀምራል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ንብርብሩ በሙሉ ይናጣል። ስለዚህ ባላንሱ 60 በ60 በሆነ ጥቁር የተቀባ ምሰሶ ላይ ይቁም፤ መሠረቱ 600 በ600፣ ውፍረቱ 10 ሚ.ሜ. ላሜራ ይሁን። 28 ኪ.ግ. ስለሚመዝን አይነቃነቅም። ሽቦው በምሰሶው ውስጥ ይወርዳል።

የቀሩት 10 ዕቃዎች እያንዳንዳቸው በሁለት ካቦ ከላይ፣ በሁለት ካቦ ወደ ታች ይታሰራሉ። የታችኛው ከሌለ ሰው ባለፈ ቁጥር በነፋሱ ይዞራሉ። ላይና ታች ሁለት ሁለት አርኤችኤስ ይዘርጉ። ኮርኒስ ላይ ምንም አይሰቀልም፤ ኮርኒሱን ከፍተው ስላቡን ያግኙ። ስላቡ በክፍት ብሎኬት የተሞላ ከሆነ ኤክስፓንሽን ቦልት ብሎኬቱ ውስጥ ገብቶ የያዘ ይመስላል፣ ሲጫን ይነቀላል። በቀጭን ፑንታ እየሞከሩ ድፍኑን ኮንክሪት ፈልገው እዚያ ላይ ባለ 10 ሚ.ሜ. ቦልት ይምቱ። ለሳህኑ ባለ 2 ሚ.ሜ. ካቦ፣ ለሌላው ባለ 1 ይበቃል፤ ሳህኑ ግን ከላይ ካሉት ሁለቱ በተጨማሪ ሦስተኛ፣ ላላ ያለ የደኅንነት ካቦ ይኑረው። የካቦ መጨበጫው መዳብ ይሁን፤ አሉሚኒየም ከስቴንለስ ጋር ሲቆይ ይበላል።

አሰላለፉ በክር ነው። ቀለበቷ መሐል ላይ ክር አስረው እስከ ሳህኑ መሐል ይወጥሩ፤ ይህ ዘንግ ነው። ከኋላ ወደ ፊት ይሂዱ። እያንዳንዱን ዕቃ ከዘንጉ ያለውን ርቀት በቱንቢና በሜትር ለክተው ያስቀምጡ፤ ከዚያ አንድ ሰው በቀለበቷ እያየ ይናገር፣ ሌላው ያስተካክል። የመጨረሻው ማስተካከያ በታችኛው ካቦ ማጥበቂያ ነው። የፒኞኑ ጥርስ የጎማው ጥርስ ክፍተት ውስጥ ገብቶ እስኪታይ ጎማውን ያዙሩት፤ ጥርስ ከጥርስ ጫፍ ለጫፍ ከተገናኘ ማሽኑ የተጋጨ ይመስላል።

ብርሃንና ጀርባው

የኋላው ግድግዳ ጥቁር፣ የማያብረቀርቅ ይሁን። ከላይ ከግራ በ30 ዲግሪ የሚወርዱ አራት ስፖት ላይቶች ይበቃሉ፤ ከፊት የሚመጣ ብርሃን የጄኔቫውን መስመር ያጠፋዋል። 3000 ኬልቪን ነሐሱን ያሞቀዋል፣ ሰማያዊ ብሎኖቹን ግን ያጠቁራቸዋል። ለብሎኖቹ አንድ የ4000 ኬልቪን መብራት ለብቻው ይስጧቸው።

ሰው ዞሮ የሳህኑን ጀርባ ስለሚያይ ባዶ እንጨት አይተዉት፤ የሰዓቱ ፊት እዚያ ይሁን። ቁጥሩን ከ፩ እስከ ፲፪ በግዕዝ ቢጽፉት ያምራል። ቆጣሪዎቹን ሰዓት ሻጮች እንደሚያደርጉት 10 ከ10 ላይ ካቆሙ፣ በእኛ አቆጣጠር አራት ሰዓት ከአሥር ነውና የትኛውን እንደሚናገር አስቀድመው ይወስኑ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ አጭሩ ቆጣሪ ፬ን ጥቂት ያልፋል።

በየቀኑና ሲፈታ

ጠዋት ከመክፈትዎ በፊት መብራቱን አጥፍተው ባላንሱን ብቻ አንድ ደቂቃ ያዳምጡ። ተክ ተክ የሚል ደረቅ ድምፅ የቢየላው ዳዶ ነው፤ የመፋጨት ድምፅ የሞላው ዙር ነው፤ ጩኸት የኩሽኔታው ዘይት ማለቅ ነው። የካቦ ማጥበቂያዎቹን በየሳምንቱ ይፈትሹ። ነሐሱ እንዳይጠቁር በጓንት ብቻ ይንኩት፤ ከተሰብሳቢው 60 ሳ.ሜ. የሚያርቅ ገመድም ዙሪያውን ይኑር።

ሲፈታ ከፊት ወደ ኋላ ነው፤ መጀመሪያ ባላንሱ፣ መጨረሻ ሳህኑ። እያንዳንዱን ካቦ ሳይቆርጡ ከዕቃው ጋር ጠቅልለው የንብርብሩን ቁጥርና ላይ ወይም ታች መሆኑን ጽፈው ያያይዙበት። ስፒራል ሞላውን ከባላንሱ ሳይነቅሉ፣ ድልድዩ ላይ እንደታሰረ፣ ቀጥ ባለ ሳጥን ውስጥ አቁመው ያሽጉት፤ ተኝቶ የተጓጓዘ ሞላ ጎብጦ ይደርሳል።